ጋሼ ጌታነህ የራበው ቀን

ባለፈው ጥር አዘዞ ሠርግ ተጠርቼ ሄድኩ። ሠርግ ከተጠራሁ ከዋዜማው ጀምሮ እህል የማልቀምስ ሰው ነኝ፤ ለደጋሹ ክብር ስል ነው። እንደ ልማዴ ከድንኳኑ ውስጥ ለድስቱ የሚቀርበውን ወንበር መርጬ ተቀመጥኩና ሥራዬን ጀመርኩ። ዱለቱን ጨርሼ ወደ ቅቅሉ ስሻገር ዓይኔ ከፊት ለፊቴ በተቀመጠ አንድ ሚዜ ላይ አረፈ። መልከ መልካም ነው፤ ሱፉ ግን የታላቅ ወንድሙን የለበሰ ያስመስለዋል። የቀረበለት ምግብ እንደቀረበ ደርቋል። መንጋጋው ግን አያርፍም፤ ባዶ አፉን ያኝካል።

አጠገቤ የነበሩ ሁለት ወይዘሮዎች እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው፣ ሆዱን አይወድም ብለው አደነቁት። ሆድ አለመውደድ ጨዋነት ከሆነ እኔ ወንበዴ ነኝ ማለት ነው። ምነው ልጄ አትበላም ብዬ ጠየቅኩት። «አይርበኝም ጋሼ» አለኝ፣ ፈገግ ብሎ፣ በኩራት። «እኔ ከነጭራሹ አይርበኝም።»

የያዝኩት ሥጋ ወደ አፌ ሳይደርስ አየር ላይ ቆመ። የሚያውቁኝ ሰዎች ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይረዳሉ። ያንን ፈገግታና ያንን መንጋጋ አውቃቸዋለሁ። ያየኋቸው ሱዳን ነው፣ የአክስቴ ልጅ ፊት ላይ።

ጊዜው የሰባ ሰባቱ ረሃብ ነበር። ከአርማጭሆ የወጣነው አንድም በረሃቡ አንድም በጦርነቱ ነው፤ የትኛው ቀድሞ እንዳባረረን እስካሁን ከዘመዶቼ ጋር እንከራከራለን። በእግራችን ቆላውን ወርደን፣ ድንበሩን ተሻግረን፣ በመጨረሻ በጭነት መኪና ተጭነን ኡም ጋርጉር የሚባለው የስደተኞች ሰፈር ገባን። እኔ ጢሜ ልውጣ አልውጣ እያለ የሚያቅማማ ጎረምሳ ነበርኩ። መመኪያዬ የአክስቴ ልጅ ጌታነህ ነው። በስድስት ሰባት ዓመት ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ። ትከሻው ሰፊ ነበር፤ በሬ ሲያየው መንገድ ይለቅለት ነበር ብል ያጋነንኩ ይመስላችኋል፤ በሬውን ጠይቁት። ሚስቱ ሽታዬ ደግሞ ቀጭን፣ ቁጥብ፣ አንድ ቃል ከተናገረች ለሳምንት የሚበቃት ሴት ነበረች። ጡት ያልጣለች ሴት ልጅም ነበረቻቸው።

በዚያ ሰፈር የሚወራው ምግብ ብቻ ነው። ሰው ሲገናኝ ጤና አይጠያየቅም፤ ዛሬ ምን ታደለ ነው የሚባባለው። ጎረምሶቹ ጥላ ሥር ክብ ሠርተን በወሬ በግ አርደን፣ በወሬ ወጥ ሠርተን፣ ጨው በዝቶበታል አልበዛበትም ተባብለን የተደባደብንበት ቀን አለ።

ጋሼ ጌታነህ ከወደብ የዕርዳታ እህል በሚያመላልስ ሎሪ ላይ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ሕዝቡ እህሉን ይጠብቃል፤ ሹፌሩ አይተኛም። ይህ ሹፌር በጨርቅ የቋጠራቸው ነጫጭ ክኒኖች ነበሩት። ሱዳኖቹ ሐቡብ ይሏቸዋል። አንዷን ሲውጧት እንቅልፍ ይሸሻል፣ ድካም ይሸሻል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የረሃቡ ድምፅ ይጠፋል።

እስቲ አስቡት። በዚያ ዓመት፣ በዚያ ሰፈር፣ ረሃብን ዝም የምታሰኝ ክኒን ያገኘ ሰው ምን ይላል? ተመስገን ነው የሚለው። ጋሼ ጌታነህም እንደ በረከት ነው የቆጠራት። የድርሻውን ዳቦ ለሽታዬና ለልጁ እየሰጠ እሱ ክኒኗን መዋጥ ያዘ። ሽታዬ መረቀችው። ጎረቤቱ ሁሉ ባል ማለት እንዲህ ነው አለ። ሌላ አገር ሰው በዚህ ነገር የሚጠመደው ለጨዋታ ይሆናል፤ የኛ ሰው የተጠመደው ለቤተሰቡ ምሳ ለመቆጠብ ነበር።

ክኒኗ ግን ረሃቡን ወስዳ በዚያ አልበቃትም። ቀጥላ እንቅልፉን ወሰደች፤ ከዚያ ሳቁን። ያ ትከሻ ረገፈ። ጥርሱን እያፋጨ ይውላል፤ ሁለት ሰው ቆሞ ካወራ እኔን እያሙኝ ነው ይላል። አንዷ አልበቃ ስትለው ሁለት፣ ሁለቷም አልበቃ ስትለው የምትገኘውን ያህል ሆነ። ካጣት ደግሞ እንደ ረጠበ ጆንያ ይወድቃል። አንድ ማለዳ ያ ሹፌር በደረቅ ሜዳ ላይ ጎርፍ መጣብኝ ብሎ መሪውን ጠመዘዘ። ጎርፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ሎሪው ገደል ገባ፤ ሹፌሩ እዚያው ሞተ፤ ማሽላው አሸዋ ላይ ፈሰሰ። ጋሼ ጌታነህ ቅንድቡ ተተርትሮ በሕይወት ወጣ። ይህን ካየ ይተዋል ስንል፣ ሹፌሩን ቀብሮ በተመለሰበት ቀን ከሌላ ሹፌር ለምኖ ዋጠ። እኔ የማልቀልድባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ይህ አንዱ ነው።

ከሥራው ተባረረ። ብዙም ሳይቆይ ለልጁ የታደለውን የዱቄት ወተት ወስዶ በክኒን ለወጠው። ሽታዬ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ብርድ ልብሱን አጥፋ ከጎጆው ደጃፍ አኖረችለት።

«ሰዎቹ ለሰሊጥ አጨዳ እየሄዱ ነው፤ አብረህ ሂድ» አለችው። «ስትመለስ ግን ርቦህ ና። የማይርበው ባል አልፈልግም። ሰሊጡ አልቆ ሳይርብህ ከመጣህ እኔንም ልጄንም እዚህ አታገኘንም፤ ኸሽም ኤል ቂርባ ከተማ ወንድሜ ዘንድ እገባለሁ።»

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። በዚያ ዘመን ባሏ እንዲርበው የምትመኝ ሴት ሽታዬ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። እኔ ግን ፊቷን አይቼው ነበር። ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ራርቶልን ዘንቦ ነበር። እኔም አብሬው ሄድኩ፤ ቁረይሻ ከሚባለው የእርሻ አገር ስንደርስ ሰሊጡ እስከ ሰማይ ዳር ቆሟል። የዚያ አገር ጥቁር አፈር በዝናብ እግር አልለቅም ይላል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የሰው ክንድ ይውጣል። የኔን አንድ ጫማ ውጦታል፤ እስካሁን ሱዳን የቀረ ንብረቴ እሱ ነው።

የቡድናችን አለቃ አባ ሙሔ የሚባሉ የጎንደር ሙስሊም ነበሩ። በአገራቸው ሸማኔ ናቸው። ሐጎስ የሚባል ትግሬ፣ እርስ በርሳቸው ብቻ የሚያወሩ ሁለት የቋራ ወንድማማቾች፣ ጋሼ ጌታነህና እኔ ተጨምረን አንድ ቡድን ሆንን። ምግባችን የማሽላ ገንፎ ነው፣ ወይካ በሚሉት የደረቀ ባሚያ መረቅ። ሥጋ ቢኖር ክርስቲያኑና እስላሙ ማን ይረድ በሚል እንጣላ ነበር፤ ደግነቱ ሥጋ የለም፣ በፍቅር ኖርን።

ሰሊጥ ትዕግሥት የለውም። ቢጫ እንዳለ ካልታጨደ ዘለላው አፉን ይከፍትና ፍሬውን አፈር ላይ ይተፋዋል። ቀትር ላይ ጆሮ ለሰጠው ሰው ጠ፣ ጠ ሲል ይሰማል። እያንዳንዷ ጠ የኛ ጉሮሮ ናት። ስለዚህ በየእርሻው ያለው ሠራተኛ ይሮጣል፤ አንዱ ከአንዱ ይሽቀዳደማል። አባ ሙሔ ግን እንደ አገራችን ወንፈል ነበር የሚያሠሩን። ሁላችን ጎን ለጎን በአንድ መስመር እንቆማለን፤ ማንም ከማንም አይቀድምም። የፈጠነ ወደ ጎን ዞሮ የዘገየውን ያግዛል እንጂ ወደፊት አይሄድም። ምክንያቱን ሲነግሩን ከዚያ በፊት በነበሩበት ቡድን አንድ ሰው ወደኋላ ቀርቶ ፀሐይ መታው፤ ሌሎቹ ሲሽቀዳደሙ ማንም ሳያየው ቀረ አሉ። ሸማኔ ስለሆኑም መሰል መስመር ከጠመመ ያማቸዋል።

ጋሼ ጌታነህ ከሰፈር የያዛት ክኒን እስክታልቅ እንደ ሰደድ እሳት አጨደ። ብቻውን እሩቅ ሄዶ እናየዋለን፤ ግን እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ያለፈበት ሁሉ ሰሊጥ ረግፎ ይቀራል። የእርሻው ወኪል፣ ቁመቱ ረጅም ሱዳናዊ፣ ከሩቅ ሲያየው ጊዜ ተደሰተበት። ይህ ሰውዬ የሁላችሁንም ያህል ይሠራል አለን።

ክኒኗ ስታልቅ ጋሼ ጌታነህ ወደቀ። ከምናድርበት የሣር ዳስ ሥር ተኝቶ ቀናት አለፉ። ሲነቃ ያለቅሳል፤ እኔን ጨምሮ ሁሉንም ይሰድባል፤ ተመልሶ ይተኛል። ገንፎ ስናቀርብለት ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል፤ ዳሱ ግድግዳ ባይኖረውም። የሱን መስመር እኛ ተከፋፍለን አጨድንለት። ወኪሉን ማታለል ደግሞ በተፈጥሮ ስጦታዬ ምክንያት ለኔ ተሰጠ። በመጀመሪያ ወባ ይዞታል አልኩት። ቀጥሎ ዘመድ ሞቶበት ሐዘን ተቀምጧል አልኩት። ቀጥሎ ውሸቴ ሲሳሳ ነዶ አቁሜ የጋሼ ጌታነህን ጥምጣም አሰርኩበትና ከሩቅ ሰው አስመሰልኩት። ያ ሰውዬ ዛሬ ለምን አይንቀሳቀስም ሲለኝ፣ ይጸልያል አልኩት። ወኪሉ ለእግዚአብሔር ሰው ክብር ነበረው፤ ትቶኝ ሄደ። በማግስቱም ሲጸልይ ሲያየው ግን መጣ። ነዶውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ከዚያ ሰላምታ ሰጠው። ሱዳኖች ቀልድ ያውቃሉ።

ጋሼ ጌታነህ ተነሳ፤ ከመቃብር የወጣ ይመስላል። አባ ሙሔ ከመስመሩ መካከል፣ ከራሳቸው አጠገብ አቆሙት። አንድ ክንድ ያጭዳል፣ ይቆማል። እኛም አንድ ክንድ አጭደን እንቆማለን። በሌላው እርሻ ሰዎቹ እንደ ፌንጣ ሲዘሉ እኛ እንደ ቀብር ሰልፍ እንሄዳለን። የቋራዎቹ ወንድማማቾች ለመጀመሪያ ጊዜ ከሌላ ሰው ጋር አወሩ፤ የዓመት ጉርሳችንን እንሥራ ወይስ እሱን እናስታምም ብለው አባ ሙሔን ጠየቁ። አባ ሙሔም ሁለቱንም አሏቸው።

በዚሁ መሐል አንድ ቀን ቀትር ላይ ውኃ ልጠጣ ብሎ ሄዶ የነበረው ጋሼ ጌታነህ እጁን ጨብጦ ተመለሰ። ክኒን ይዟል፤ ወኪሉ ነው የሰጠው። ለክፋት አይመስለኝም፤ ሰሊጡ እየረገፈበት ነው፤ በየእርሻውም የሚደረግ ነው። ጋሼ ጌታነህ ከመስመሩ ገባ። ጡጫው ግን አልተፈታም፤ በአንድ እጁ ማጭዱን ይዞ ቆመ።

አባ ሙሔ አዩት። ማጭዳቸውን አስቀምጠው ከታጨደው መሐል ቁጭ አሉ። ሐጎስ አያቸውና ተቀመጠ። የቋራዎቹ ተያዩ፤ ተቀመጡ። እኔ ለመቀመጥ ቀድሞም ምክንያት አልፈልግም።

«ምን ሆናችኋል?» አለ ጋሼ ጌታነህ።

«እየጠበቅንህ ነው» አሉት አባ ሙሔ።

«ይኸው ቆሜያለሁ እኮ። ሂዱ።»

«የቆመው ያ ሐቡብ የያዘው ሰውዬ ነው። ጌታነህ ሲመጣ እንሄዳለን።»

ወኪሉ ከሩቅ እየጮኸ መጣ። ምን እንዳለ አልደግመውም፤ የአባ ሙሔን እናት ጨምሮ ሁላችንንም ነካክቷል። አባ ሙሔ በአረብኛ ረጋ ብለው፣ አንተም ተቀመጥ፣ ፀሐዩ ከባድ ነው አሉት። እሱ ከእርሻዬ አባርራችኋለሁ ሲል ጠ፣ ጠ የሚለው ድምፅ ይሰማኛል። ዙሪያችንን ሰሊጡ እየተከፈተ ነው። የክረምቱን ተስፋ ሁሉ አፈሩ ሲበላው ቁጭ ብለን እንሰማለን።

«ሰሊጡ እየረገፈ ነው አባ ሙሔ» አለ ጋሼ ጌታነህ፣ ድምፁ ተሰብሮ።

«ይርገፍ።»

ይህን ያሉት መንገድ ላይ የወደቀች አንዲት የማሽላ ፍሬ ጎንበስ ብለው አንስተው፣ አቧራዋን እፍ ብለው ኪሳቸው የሚከቱት አባ ሙሔ ናቸው። ጋሼ ጌታነህ አንድ በአንድ አየን። ከዚያ ጡጫውን ፈታና ክኒኗን መሬቱ ስንጥቅ ውስጥ ጣላት።

ታሪኩን ሌላ ሰው ቢያወራው እዚህ ላይ ያጨበጭብ ነበር። እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከእጁ እንደወጣች ወዲያው በደረቱ ተኛና ክንዱን ስንጥቁ ውስጥ ከተተ። እስከ ክርኑ፣ እስከ ትከሻው። ጉንጩን አፈሩ ላይ ለጥፎ እየቆፈረ፣ እያለቀሰ ፈለጋት። ማንም አልያዘውም፣ ማንም አልሳቀበትም። መሬቱ አልመልስ ሲለው ጊዜ ደከመውና መቆፈሩን ተወ። ያን ጊዜ አባ ሙሔ ብብቱን ይዘው አነሱት፤ ማጭዱን አስያዙት፤ «ጌታነህ መጥቷል፤ እንሂድ» አሉ። ሐጎስ ወደ ስንጥቁ አጎንብሶ አየና የዚህ አገር ጉንዳን እስከ ገና አይተኛም አለ። ጋሼ ጌታነህ ከእንባው ጋር ሳቀ። ሳቁን ከሰማሁት ወራት አልፎ ነበር።

ወኪሉ አላባረረንም። ከዚያ ቀን በኋላ ከኛ ሰው ለአንዱም ክኒን አልሰጠም። መስመሩ ግን አሁንም ይጎተታል፤ ሰሊጡ ወደ ማለቁ ነው፤ የሽታዬም ቃል እየቀረበ ነው። ጋሼ ጌታነህ ይሠራል፣ ይተኛል፤ ምግብ ግን እንደ መድኃኒት ነው በግድ የሚውጠው። ማታ ማታ ሁላችን ጎድጓዳውን ሣህን ከበን እጁን እናያለን። አንዲት ጉርሻ፣ በቃኝ። ሌላ አንዲት፣ በቃኝ። በቃኝ የሚለውን ቃል ጠላሁት።

አንድ ቀን፣ ለመጨረሻው ማሳ ጥቂት ሲቀረን፣ ምግብ የማብሰል ተራው የሐጎስ ነበር። ሐጎስ ደግሞ ሽንኩርት አግኝቷል፤ ከየት እንዳገኘው አልጠየቅነውም። በዘይት ሲያቁላላው ሽታው በነፋስ መጣ። ጋሼ ጌታነህ ቀና አለ። አፍንጫው ተከፈተ። ማጭዱን ጣለ።

«ራበኝ» አለ።

መስመሩ ቆመ። አባ ሙሔ ያልሰሙ መስለው ምን አልክ አሉት።

«ራበኝ አልኩ እኮ። ደንቁራችኋል?»

ያን ጊዜ የሆነውን በዙሪያው የነበሩ ሱዳኖች እስካሁን ለልጆቻቸው ሳያወሩ አይቀሩም። የቋራዎቹ እስክስታ ወረዱ። እኔ እንደ ሴት እልል አልኩ፤ ድምፄ ገዳሪፍ ገበያ ድረስ ተሰምቷል የሚሉ አሉ፤ ያልኩት እኔ ነኝ። አባ ሙሔ እጃቸውን ዘርግተው አመሰገኑ። ወኪሉ ምን አገኛችሁ ብሎ እየሮጠ መጣ። ሰውዬው ራበው አልነው። በዚያ ረሃብ አገሩን በጨረሰበት ዓመት ስድስት ሐበሾች አንዱ ራበኝ ስላለ ይጨፍራሉ። ትንሽ አሰበና ገባው መሰለኝ፤ ከራሱ ድንኳን ዳቦ አመጣለት።

ጋሼ ጌታነህ የራሱን በላ፣ የወኪሉን ዳቦ በላ፣ የኛን በላ፤ ድስቱን በጣቱ ጠርጎ ጨረሰ። እኔ ያን ቀን ጦሜን ዋልኩ፤ በሕይወቴ ያንን የመሰለ ጥጋብ አላውቅም።

ሰሊጡ አለቀ። ከሌሎቹ ቡድኖች ዘግይተን ጨረስን፤ ግን ነዷችን ሲራገፍ የነሱን ያህል ሆነ፤ የሮጠ አርግፎታል፣ የኛ እጅ አልተንቀጠቀጠም። በሎሪ ጀርባ ተጭነን ኡም ጋርጉር ስንገባ ሽታዬ ዕቃዋን አስራ ጎጆው ደጃፍ ተቀምጣለች። ልጇን አዝላለች። ሰላም አላለችውም። ገባችና በሰሐን ኪስራ፣ ያ ስስ የማሽላ እንጀራ፣ በላዩ ትንሽ ወጥ አድርጋ አቀረበችለትና ፊት ለፊቱ ቆመች። እኔ ከበሩ ሆኜ መተንፈስ ረሳሁ።

በላ። ሰሐኑን ጨረሰ። ቀና ብሎ አያትና «ጨምሪልኝ» አላት።

የሚጨመር የለም። ሽታዬ ሰሐኑን አንስታ ወጣች። ያቺ በሳምንት አንዴ የምትናገር ሴት በጎጆዎቹ መሐል እየዞረች ሰሐኑን ከፍ አድርጋ «ባሌ ራበው፣ ባሌ ርቦታል» እያለች ተጣራች። አንገቷን ሰብራ እንደሚለምን ሰው አይደለም፤ ወንድ ልጅ እንደወለደች ሴት ነው። ከየጎጆው ሴቶች ወጡ፤ ኤርትራውያኑ፣ ወሎዬዎቹ፣ የኛዎቹ። ማንም ምንም አልነበረውም፤ ሁሉም ግን ቁራሽ ቁራሽ ጣለበት። ሰሐኑ ሞልቶ ተመለሰ። የታሰረውን ዕቃ የፈታሁት እኔ ነኝ።

ከሠርጉ እንደተመለስኩ ለጋሼ ጌታነህ ደወልኩለት። አሁን የሱዳን ጭነት መኪና የሚያልፍባት ሸሄዲ ነው የሚኖረው፤ ያቺ ሕፃን የልጆች እናት ሆናለች። ነገሩ ለቆሃል ወይ ብዬ ጠየቅኩት፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ጠይቄው አላውቅም ነበር። የተቃጠለ ናፍጣ ሲሸተኝ ዛሬም ምላሴ ትፈልጋታለች አለኝ። ያን ጊዜ ምን ታደርጋለህ አልኩት። ሽታዬን ምሳ አቅርቢ እላታለሁ አለ። ለዚህ ነው እንዲህ የወፈርከው ስለው፣ ሸሄዲ ናፍጣ ብዙ ነው አለኝ።

ስብከት አልችልበትም። ያ ሚዜ እንደጠረጠርኩት ክኒን ይውጣል፤ ስብከት ግን ጠግቧል፤ እናቱ አልቅሰውለታል፣ አባቱ ከቤት አስወጣሃለሁ ብለውታል። ክኒኗ ረሃቡን ስትወስድበት የወሰደችው እንጀራ ብቻ አልመሰለኝም፤ ሰው የሚያስፈልገው መሆኑን ነው ያስረሳችው። እኔ የማውቀው አንድ መላ ብቻ ነው፤ ቁጭ ብሎ መጠበቅ። ስለዚህ በሠርጉ ማግሥት በምሳ ሰዓት የልጁ ወላጆች ቤት ሄድኩና እንግዳ መጣ አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ አልቀረሁም። ልጁ ፊት ለፊቴ ይቀመጣል፣ አይርበኝም ይላል፤ እኔም እጠብቅሃለሁ እያልኩ የሱንም የኔንም እበላለሁ። እናቱ ድስቱን ማሳነስ ጀምረዋል፤ አባቱ ይህ ሰውዬ ቤት የለውም ወይ ብለው መጠየቃቸውን ሰምቻለሁ። ይጠይቁ። ከዚያ ማዕድ የምነሳው ያ ልጅ ከእጄ ላይ ጉርሻ ነጥቆ ሲበላ ነው።